ደረሰኝ የሌለው ገቢና ወጪ፤ የንብረት መዝገብ ጉዞ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ ለወለጋ ታሪክ ተመራማሪዎች ያቆየችው ታላቅ ቅርስ የወረቀት ክምችት ነው። በለቃ ነቀምቴ ገዢ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው በገብረ እግዚአብሔር ዘመን የተጻፉት ደብዳቤዎችና የግብር ሰነዶች ለብዙ ዓመታት በዚያው በነቀምቴ ተጠብቀው ከቆዩ በኋላ፣ ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪውልዚ የተባሉት የታሪክ ምሁራን አሰናድተዋቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ታትመዋል። የሰነዶቹ ዘመን ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ. ም. ይደርሳል።

እነዚህ ሰነዶች ለታሪክ ጸሐፊ የሚሰጡት ጥቅም በሰፊው የታወቀ ነው። ለሒሳብና ለንብረት ባለሙያ የሚሰጡት ትምህርት ግን እስካሁን ብዙ አልተነገረለትም። ምን ያህል ወርቅ እንደ ተላከ፣ ከማን እንደ ተሰበሰበ፣ ለማን እንደ ደረሰ የሚገልጽ ወረቀት ሁሉ ከአንድ ቦታ ወጥቶ፣ በሌላ ቦታ ተመርምሮና ታርሞ፣ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ መረጃ ነው። በዛሬው ዘመን የንብረት ክፍል ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ዝርዝር ከኮምፒዩተር ሥርዓት አውጥቶ፣ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ አርሞ፣ መልሶ ሲያስገባ የሚፈጽመው ተግባር በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የተለወጠ አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም ደረሰኙ ነው።

ከቃል ወደ ወረቀት

የኩምሳ አባት ሞረዳ በከሬ በ1870ዎቹ አጋማሽ በራስ ጎበና በኩል ለንጉሥ ምኒልክ በሰላም ስለ ገቡ፣ የለቃ ነቀምቴ ገዢዎች የተወሰነ ግብር እየከፈሉ የአገራቸውን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው ይዘው ለመቆየት ችለዋል። ኩምሳም በ1881 ዓ. ም. የአባታቸውን ሥልጣን ወረሱ። የግብሩ ዋና ክፍል ወርቅ ሲሆን የዝሆን ጥርስም ይታከልበት ነበር። ወርቁ በወቄት ይመዘናል፤ ከየባላባቱ ተሰብስቦ ነቀምቴ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይላካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አገሬው የሚናገረው፣ ባላባቱም ወርቁን ሲያስረክብ ቃሉን የሚሰጠው በኦሮምኛ ነበር። ጸሐፊው ግን የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ስለዚህ የወለጋ የንብረት መዝገብ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር የኖረ መዝገብ ነው። የሰው ስምና የቦታ ስም በዚህ መሻገር ውስጥ መልኩን መለወጡ የማይቀር ነበር፤ የከተማይቱ ስም እንኳ በአንዱ ጽሑፍ «ነቀምቴ»፣ በሌላው «ነቀምት»፣ በሌላው ደግሞ «ለቀምት» እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። በመሻገሩ ውስጥ ሳይለወጥ የቀረው ቁጥሩ ነበር። በኦሮምኛ የተቆጠረው ወቄት በአማርኛም ያው ወቄት ነው።

ከገዢው ቤት ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት

በ1900 ዓ. ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የገንዘብ ሥራ ራሱን የቻለ ኃላፊነት ሆነ። ቢሆንም የገዢው ሀብትና የመንግሥት ሀብት በየጠቅላይ ግዛቱ በግልጽ እስኪለያዩ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ. ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ገዢዎችን ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሲያደርግ፣ ጽሕፈት ቤቱ፣ ወንበሩና የጽሕፈት መሣሪያው የሹሙ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ በግልጽ ታወቀ። ሹሙ ይሻራል፤ ንብረቱ ይቆጠራል፤ ለተተኪው ይተላለፋል።

የኢትዮጵያ የመንግሥት ንብረት ሠራተኛ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸው ቅጾች የዚህ አሠራር ፍሬዎች ናቸው። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት አይገባም፤ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ከግምጃ ቤት አይወጣም። የዕቃው እንቅስቃሴ በካርድ ይመዘገባል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ቆጠራ ይደረጋል፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የተረከበውን ሁሉ ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም። ቅጹ የሚሞላው በአንድ እጅ አይደለም፤ የሰጠውም የተቀበለውም ይፈርሙበታል፤ ቅጂውም በየሚመለከተው ክፍል ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንድ ወንበር ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ቢሄድ፣ ማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንደ ተቀበለና በስንት ቀን እንደ ሆነ ከዓመታት በኋላም ቢሆን መጠየቅ ይቻላል።

የ1967 ዓ. ም. ለውጥ መዝገቡን በእጅጉ አሰፋው። በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ፣ እስከ መቶ ብር ወርኃዊ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ። ከዚህ በኋላ በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በደምቢ ዶሎም፣ በሻምቡም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የቤት መዝገብ ያዥ ሆነ። የቤት ቁጥር፣ የተከራይ ስም፣ የክፍል ብዛት፣ የኪራይ ልክ በአንድ መዝገብ ላይ በየዓምዱ ተሰመሩ። ሠንጠረዥ የሚባለው ነገር ኮምፒዩተር ወደ ወለጋ ከመድረሱ በፊት በቀበሌ ጸሐፊ ማስመሪያና እስክሪፕቶ ተሠርቶ ነበር ማለት ይቻላል።

የመዝገቡ መከፋፈል

በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የወለጋ ክፍለ ሀገር ነቀምቴ፣ አርጆ፣ ሆሮ ጉዱሩ፣ ጊምቢ፣ ቄለምና አሶሳ በተባሉ አውራጃዎች የተከፈለ ነበር። ከ1983 ዓ. ም. በኋላ አሶሳ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲሄድ፣ ቀሪው ወለጋ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ በዞኖች ተዋቀረ፤ ዛሬ ምሥራቅ ወለጋ በነቀምቴ፣ ምዕራብ ወለጋ በጊምቢ፣ ቄለም ወለጋ በደምቢ ዶሎ፣ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ በሻምቡ ይተዳደራሉ። አስተዳደር በተከፈለ ቁጥር የንብረት መዝገብም ይከፈላል። ከአንዱ መዝገብ የየድርሻው ዝርዝር እየተገለበጠ ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ይሰጣል፤ አዲሱም መሥሪያ ቤት ዝርዝሩን በራሱ ቅደም ተከተል እንደ ገና ቁጥር ይሰጠዋል። በ1994 ዓ. ም. ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ ይኸው ሥራ በየወረዳው ተደገመ።

በዚሁ ዘመን ሁለተኛው የቋንቋ መሻገር ተፈጸመ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ፊደል የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲሆን፣ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል በአማርኛ የተያዘው መዝገብ ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ተመለሰ። ለሕዝቡ መብት ትልቅ እርምጃ ነው። ለመዝገብ ሠራተኛው ግን አዲስ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆነ። በአሮጌው ካርድ «ጠረጴዛ» ተብሎ የተጻፈው በአዲሱ «ሚንጃላ» ይባላል። ሁለቱን ዝርዝሮች በዕቃው ስም ለማስተያየት የሞከረ ሰው አንዱን ጠረጴዛ ሁለት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል፤ በመለያ ቁጥሩ ያስተያየ ግን አይሳሳትም። የቀድሞው መለያ ቁጥር በአዲስ ቁጥር ተተክቶ ከተጣለ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ አይኖርም።

ሠንጠረዡ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ

በዓለም ላይ ለግል ኮምፒዩተር የተሠራው የመጀመሪያው ታዋቂ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ቪዚካልክ ሲሆን፣ ለሽያጭ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ነው። ፈጣሪዎቹም ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ናቸው። በ1983 ሎተስ 1-2-3፣ በ1985 ደግሞ ኤክሴል ተከተሉት። የፕሮግራሙ መሠረተ ሐሳብ የሒሳብ ሰዎች ለዘመናት ሲሠሩበት የኖሩት ባለ ዓምድ ወረቀት ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ተዛማጁ ሁሉ በራሱ መለወጡ ነው።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሒሳብ ማሻሻያ ሲካሄድ አይቤክስ የተባለው የበጀትና የሒሳብ ሥርዓት እስከ ክልሎች ተዘረጋ። የእያንዳንዱ ዕቃ ዝርዝር ግን በብዙ ቦታ በካርድና በኤክሴል ሠንጠረዥ መያዙን ቀጠለ። በ2001 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ለንብረት አያያዝ የሕግ መሠረት ሲጥል፣ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደግሞ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት እንዲያቀርቡ አስገደደ። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ያልተነኩ የቋሚ ንብረት ዝርዝሮች እንደ ገና ተከፈቱ፤ ተቆጠሩ፤ ተገመቱ። ከአንዱ ሥርዓት በሺሕ የሚቆጠር ረድፍ ማውጣት፣ በየቅርንጫፉ ማሳረምና መልሶ ማስገባት የዘመኑ የሒሳብ ባለሙያ የዕለት ሥራ ሆነ።

ማውጣት፣ ማረም፣ መልሶ ማስገባት

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከሥርዓቱ የወጣው ፋይል ለየቅርንጫፉ ይላካል፤ ቅርንጫፉ የዕቃውን ቦታ፣ የተረካቢውን ስምና የዕቃውን ሁኔታ ያርማል፤ የታረመው ፋይል ተመልሶ ይጫናል። ሥርዓቱ እያንዳንዱን ረድፍ ሲቀበል አስቀድሞ የሚመለከተው መለያ ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን ካገኘ በነበረው መዝገብ ላይ ያርማል፤ ካላገኘ ግን አዲስ ዕቃ እንደ መጣ ይቆጥረዋል ወይም ረድፉን ይመልሰዋል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በካርዱ ላይ «0045» ተብሎ የተጻፈ መለያ በሠንጠረዡ ላይ እንደ ተራ ቁጥር ሲነበብ ዜሮዎቹን ጥሎ «45» ይሆናል። የጥንቱ ዕቃ ባለበት ሳለ አዲስ የሚመስል ሌላ ዕቃ ይወለዳል። ሠራተኛው ዝርዝሩን በፊደል ተራ ለማስያዝ አንዱን ዓምድ ብቻ መርጦ ቢደረድር ስሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ መለያዎቹ ግን ባሉበት ይቀራሉ፤ የአንዱ ተረካቢ ዕቃ በሌላው ስም ይሆናል። ባዶ የተተወ ክፍል ለአንዱ ሥርዓት «እንደ ነበረ ይቆይ» ማለት ሲሆን ለሌላው «ይሰረዝ» ማለት ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት» ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሁለት ሰዎች ናቸው።

ለኢትዮጵያውያን የተለየ ፈተና የሚሆነው ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የኤክሴል ፕሮግራም ቀንን የሚያሰላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጂ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይደለም። ጥር 1 ቀን «1/5» ተብሎ ሲጻፍ፣ ወርን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር ላይ የአውሮፓውያን ጃንዩወሪ 5 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን «5/13» ሲባል ሜይ 13 ሆኖ ይነበባል። ጥቅምት 30 ቀን «30/2» ሲባል ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን በአውሮፓውያን ዘንድ ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀራል፤ የእርጅና ተቀናሹም በእርሱ ላይ ሊሰላ አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ስሕተት የማይመስለው ስሕተት ነው። በ2010 ዓ. ም. የተገዛ ዕቃ በ2010 እ. ኤ. አ. እንደ ተገዛ ሲመዘገብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል፤ ማንም ሳያስተውለው ከአገልግሎት ሊወገድ ይችላል።

እንዲህ ያለው ጉዳት የታዳጊ አገሮች ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ በእንግሊዝ አገር 15,841 የኮሮና ሕሙማን መረጃ በወቅቱ ሳይዘገብ ቀርቷል። ምክንያቱ ከላቦራቶሪ የመጣው ዝርዝር ከ65,536 ረድፍ በላይ ሊይዝ በማይችል አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲገለበጥ ትርፉ መቆረጡ ነበር። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ማንቂያም አልተሰማም፤ ዝርዝሩ ሙሉ መስሎ ታየ። በዚያው ዓመት የሰው ልጅ ጂን ስም ሰያሚ ኮሚቴ፣ ፕሮግራሙ ወደ ቀን እየለወጠ ላስቸገራቸው አንዳንድ ጂኖች አዲስ ስም እስከ መስጠት ደርሷል።

ኃላፊው ማን ነው

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ስሕተቶች የአሠራር ዝርዝር ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ለአንድ መመሪያ እንጂ ለታሪክ ጽሑፍ ርእስ ባልሆኑ ነበር። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ረድፍ በስተ ኋላ የፈረመ ሰው አለ። ለምሳሌ ያህል በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚገኝ ማይክሮስኮፕ በሠንጠረዡ መዛባት ምክንያት በዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ እንበል። በሰኔ ቆጠራ የሚገኘው አንድ ነው። የጎደለው ሁለተኛው ማይክሮስኮፕ ከቶ ያልነበረ ዕቃ ቢሆንም፣ ንብረት ጠባቂው ሊጠየቅበት፣ ክሊራንስ ሊከለከልበት ይችላል። ተቃራኒው ቢሆንና ማይክሮስኮፑ ከዝርዝሩ ቢሰረዝ ደግሞ፣ ዕቃው በጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሳለ የጥገና በጀት አይጠየቅለትም፤ ቢሰረቅም የሚፈልገው የለም።

ይህ ንብረት ጠባቂ ራሱን ሊከላከልበት የሚችለው ማስረጃ ምንድን ነው? ማይክሮስኮፑ ከግምጃ ቤት ሲወጣ ሞዴል 22 ተቆርጦለታል። ስለ ማይክሮስኮፑ የሚናገረው መረጃ ግን በፍላሽ ሲወጣ ማንም አልፈረመም፤ ታርሞ ሲመለስም ማንም አልተረከበም። ለአንድ ወንበር የሚጠየቀው ደረሰኝ ለሺሕ ወንበሮች ዝርዝር ሳይጠየቅ ቀረ። የኮምፒዩተር ዘመን በንብረት አያያዝ ላይ ያስከተለው እውነተኛ ክፍተት ይህ ነው።

የወለጋ የቅርብ ዓመታት ታሪክ የክፍተቱን ክብደት አሳይቷል። በ2012 ዓ. ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ አንሥቶ እስከ መጋቢት ድረስ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከምትርቀው ከደምቢ ዶሎ መረጃ ሊሻገር የሚችለው እንደ ጥንቱ በሰው እጅ ተይዞ ብቻ ነው። ከ2011 ዓ. ም. ወዲህ በአካባቢው በተከሠተው ግጭትም የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል። የተቃጠለ ቢሮ ምን ይዞ እንደ ነበረ የሚመሰክረው፣ መልሶ ለማቋቋምም መነሻ የሚሆነው፣ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ትክክለኛ ቅጂ ነው። ቅጂው ከሌለ ወይም የማይታመን ከሆነ ጥፋቱ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ አንድ ጊዜ በንብረቱ፣ አንድ ጊዜ በማስረጃው።

መፍትሔው ከባለሙያው የቆየ ልማድ ውጭ አይደለም። ዝርዝሩ ሲወጣ የወጣበት ቀን፣ የረድፉ ብዛት፣ የጠቅላላ ዋጋው ድምርና የተቀባዩ ስም ይጻፍ፤ ሳይነካ የሚቀመጥ አንድ ዋና ቅጂም ይቅር። መለያ ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ይያዝ፤ ማንም እንዳይነካውም ይቆለፍ። አዲስ መለያ ሲሰጥ አሮጌው ከጎኑ በራሱ ዓምድ ይቆይ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ በዓምዱ ራስጌ ይገለጽ። ዝርዝሩ በቅርንጫፍ እጅ ሳለ በሥርዓቱ ላይ ሌላ እርማት አይደረግ፤ ከተደረገም ለብቻው ይመዝገብ። ሲመለስ አስቀድሞ ጥቂት ረድፎች ለሙከራ ይጫኑ፤ የረድፉ ብዛትና ድምሩ ከወጣው ጋር ይመሳከር፤ ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ ይብራራ፤ ያሳረመውም የተቀበለውም ይፈርሙ። ይህ ሁሉ ለመረጃ የተቆረጠ ሞዴል 22ና ሞዴል 19 ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የደጃዝማች ኩምሳ ጸሐፊዎች ወርቁን ሲልኩ ደብዳቤውን አብረው ጽፈዋል። ወርቁ ወደ ተላከበት ሄዶ አልቋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ላከውና ማን እንደ ተቀበለው ሊታወቅ የቻለው በወረቀቱ ነው። ዛሬ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ረድፍ የሚያርሙ ባለሙያዎች የእነዚያ ጸሐፊዎች ወራሾች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው መርማሪም የሚጠይቃቸው ያንኑ የጥንቱን ጥያቄ ነው፤ ስንት ነበረ፣ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ?